ድካምና እድሳት፦ በሩጫ ልምምድ ውስጥ የእረፍት ድርሻ

ከእንጦጦ ዳገት ወርዶ ጫማውን የሚፈታ ሯጭ በዚያ ሰዓት ከማለዳው ይልቅ ደካማ ነው። የጡንቻው ስንቅ የሆነው ግላይኮጅን ተመናምኗል፤ የጡንቻ ክሮቹ በዓይን የማይታይ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ውሃና ጨው ከሰውነቱ በላብ ወጥተዋል። ሩጫው ሰውነቱን ለእድሳት ቀስቅሶታል፤ እድሳቱ ግን የሚከናወነው ከዚያ በኋላ፣ ሲበላ፣ ሲተኛና ቀለል አድርጎ ሲንቀሳቀስ ነው። ይህ በስፖርት ሳይንስ ዘንድ አከራካሪ አይደለም። ሆኖም በብዙ የልምምድ ዕቅዶች ላይ ኪሎ ሜትሩ፣ ፍጥነቱና የዳገቱ ምልልስ በቁጥር ሲሰፍሩ የእረፍት ቦታ ባዶውን ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ያ ባዶ ቦታ መሞላት አለበት የሚል ነው። የልምምድ ፍሬ የሚገኘው በእረፍት ጊዜ እስከሆነ ድረስ እረፍትም መጠኑ ተለክቶና ጊዜው ተወስኖ መታቀድ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከስዊድን የተገኘ ነው። ዮናስ ቤርግስትረምና ኤሪክ ሁልትማን እ.ኤ.አ. በ1966 ላሳተሙት ጥናት መሞከሪያ ያደረጉት ራሳቸውን ነበር። ከአንድ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ፔዳል ሲመቱ ሌላው እግራቸው ሥራ ፈትቶ ቆየ። ከዚያም ለሦስት ቀናት ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየበሉ ከሁለቱም ጭኖቻቸው በመርፌ ናሙና ወሰዱ። የለፋው እግር ግላይኮጅን ካልለፋው እግር በእጥፍ ያህል በለጠ። ምግቡም ደሙም የአንድ ሰው ነበርና ልዩነቱን ያመጣው ልፋቱ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና ጭማሪው የተመዘገበው ፔዳል በሚመታበት ሰዓት አልነበረም፤ ያን ጊዜማ ያ እግር ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ጭማሪው የመጣው በተከታዮቹ የእረፍትና የምግብ ቀናት ነው። ልፋትና እረፍት ተነጣጥለው ሊመዘኑ እንደማይችሉ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩን የሚያወሳስበው የሰውነት ክፍሎች በእኩል ፍጥነት አለማገገማቸው ነው። በቂ ምግብ ከተገኘ ግላይኮጅን በአንድ ቀን ገደማ ይተካል። ማክዱጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት ከከባድ ክብደት ማንሳት በኋላ በጡንቻ ውስጥ የሚካሄደው የፕሮቲን ግንባታ በ24ኛው ሰዓት ከእጥፍ በላይ ይደርስና በ36ኛው ሰዓት ወደ ነበረበት ይቃረባል። ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። ማግኑሰን፣ ላንግበርግና ኪዬር እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ትንታኔ ከልምምድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 24 እስከ 36 ሰዓታት በጅማት ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያይለው ከዚያ በኋላ ሲሆን እስከ 72 ሰዓት ይዘልቃል። እንግዲህ ሯጩ በማግስቱ ትንፋሹ ተመልሶ፣ እግሩ ቀሎት ሲነሳ ጅማቱ ገና በመፍረስ ላይ ሊሆን ይችላል። «ሰውነቴን አዳምጣለሁ» የሚለው ምክር ጥሩ ቢሆንም ለብቻው የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጅማት የሚናገረው ከተጎዳ በኋላ ነውና።

የውድድር ታሪክም ይህን የሚያጠናክሩ ሁለት አጋጣሚዎች አሉት። ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1950 በብራስልስ ከተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና በፊት ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እንደወጣ 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1964 በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሲያስመዘግብ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአንድ ወር ብዙም አልራቀም። ከሁለት ሰዎች ታሪክ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ሁለቱም ቢሆኑ የዓመታት ልፋት ስንቅ ነበራቸው። ነገር ግን ቦስኬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የ27 ጥናቶችን ውጤት አጣምረው ሲመረምሩ የደረሱበት መደምደሚያ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ከውድድር በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የልምምዱን ብዛት ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱንና የልምምዱን ድግግሞሽ ግን እንዳለ መተው የተሻለውን ውጤት ያስገኛል። ከዚህ የምንረዳው እረፍት ማለት ተኝቶ መዋል ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ የሚቀነሰውና የማይቀነሰው ተለይቶ ይታወቃል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ታላላቆቹ ሯጮች በቀን ሁለት ጊዜ ይለማመዳሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይለማመዳሉ። ነገር ግን በሁለቱ ልምምዶች መካከል ይተኛሉ፣ ከኪሎ ሜትራቸውም አብዛኛውን በሶምሶማ ይሸፍናሉ። ጀማሪው የጠዋቱን ሩጫ ከእነሱ ወስዶ የቀትሩን እንቅልፍ ከተወ የወሰደው የዕቅዱን ግማሽ ነው። ሌላው ስጋት ብቃት ይወርዳል የሚለው ነው። ኮይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ልምምድ ሙሉ በሙሉ ያቆሙ ስፖርተኞችን ተከታትለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከፍተኛው ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በ7 በመቶ ገደማ መውረዱን አግኝተዋል። ሦስት ሳምንት ይህን ያህል ካስከፈለ በሳምንት አንድ ቀን የሚያስፈራ ዋጋ የለውም። ከሕዝብ ጤና አንጻር ደግሞ ችግሩ የእንቅስቃሴ ማነስ ነው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከአዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። ሆኖም ድርጅቱ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የእረፍት ቀን እያለው በምቾት ይሞላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን አድክሞ ጂሙን ለሚተው ሰው እረፍት በልምምዱ የሚያቆየው ነገር ነው።

የማገገሚያ ሁሉ አውራ እንቅልፍ ነው። ሌፕሩልትና ቫን ካውተር እ.ኤ.አ. በ2011 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲያደርጉ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። እንቅልፍና ምግብ ግን በፈቃድ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። ቀን የጉልበት ሥራ እየሠራ፣ በጠባብ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር እያደረ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ ወደ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ለልምምድ የሚሄድ ወጣት «እረፍ» ቢሉት ምን ያደርጋል? ክለቦች ጫማና ትጥቅ እንደሚያቀርቡ ሁሉ መኝታና ምግብንም የልምምድ ወጪ አድርገው ሊይዙት ይገባል። አሰልጣኞችም የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ የእንቅልፉን ሰዓት፣ የሶምሶማውን ቀንና ሙሉውን የእረፍት ቀን ይጻፉ፤ በእረፍት ቀኑ ተደብቆ የሮጠ ሯጭም ልምምድ እንደቀረ ይቆጠርበት።