ዚዮላይት ያዘለ ጥቁር ድንጋይ
ባዛልትና ዚዮላይት
ሊማሊሞ፣ ሰሜን ጎንደር
ዕድሜ፦ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ

በጥቁሩ ድንጋይ ላይ የሚታዩትን ነጫጭ ነጠብጣቦች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። የቀለጠው ዐለት ሲረጋ ጋዝ የተዋቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ኋላ ማዕድን ያዘለ ውኃ ሰርጎ ገባባቸውና ዚዮላይት ሞላባቸው።

ዚዮላይት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተዋቀረ ነው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ መተላለፊያዎች ስላሉት በውስጣቸው ያለውን ሶዲየም ለውኃ ለቅቆ በምትኩ ሲዚየምን ይይዛል። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ክሊኖፕቲሎላይት በእንግሊዙ የሴላፊልድ የኑክሌር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ራዲዮአክቲቭ ሲዚየምና ስትሮንቲየምን ከውኃ ለማጣራት አገልግሏል።

የተጣራው ራዲዮአክቲቭ ዝቃጭ ግን አደጋው እስኪያልፍ ተጠብቆ መቆየት አለበት። ሲዚየም-137 በየ30 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ወደ አንድ ሺኛ ለመውረድ 300 ዓመት ይፈጅበታል። አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ (1628 ዓ.ም.) ከዚያ የሚበልጥ ዘመን አልፏል፤ ግንባቸውም ዛሬ ድረስ ቆሟል። እንደ ፕሉቶኒየም ያሉት ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት አደራ የማይበላ ማኅደር ይሻሉ። አውስትራሊያዊው ቴድ ሪንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲንሮክ የተባለውን ሴራሚክ ያቀረበው ለዚህ ነው። ዩራኒየምን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት አቅፈው የኖሩ የተፈጥሮ ማዕድናትን አስመስሎ በሙቀትና በግፊት የሚሠራ ነው። የኑክሌር ዝቃጭን ጠንቅ ለልጅ ልጆቻችን ላለማውረስ፣ ዕድሜው በዐለት የተፈተነ ቁስ መምረጥ ግዴታችን ነው።