ቀድሞ ማለፍና ነጩ መስመር

ኡራኤል አካባቢ የሚያድር ሰው ያውቀዋል። ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል አልፎ አልፎ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ብቻ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ደግሞ ፍጥነት የሚያምረው በዛ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከመካከላችን አብሮ ተሳፍሮ የጮኸም አለ።

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። የመኪና እሽቅድምድም ሲጀመርም በሕዝብ መንገድ ላይ ነበር። በግንቦት 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1903) ከፓሪስ ወደ ማድሪድ ከ200 በላይ መኪኖችና ሞተር ሳይክሎች ተለቀቁ። ተመልካቹ መንገዱ ላይ ፈሶ ነበር። ከሬኖ ፋብሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማርሴል ሬኖ ከፊቱ ያለውን መኪና አቧራ ውስጥ ገብቶ ሊቀድም ሲል ከመንገድ ወጣ፤ በሁለተኛው ቀንም ሞተ። ሌሎች ተወዳዳሪዎችና ተመልካቾችም አለቁ። የፈረንሳይ መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ላይ አስቆመው።

ከዚያ በኋላ እሽቅድምድሙ ቀስ በቀስ ከሕዝብ መንገድ መውጣት ጀመረ። በሰኔ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ የተባለው፣ ለመኪና ውድድር ብቻ የተሠራ ሜዳ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለአጼ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። መኪና እኛ ዘንድ ሲደርስ ትምህርቱ በሰው ሕይወት ተከፍሎበት አልቆ ነበር ማለት ነው።

ሜዳው ሕግ ወለደ። ዛሬ በውድድር ሜዳ ዳርቻው ነጭ መስመር ነው፤ አራቱም ጎማ ካለፈው መኪናው ከሜዳ እንደወጣ ይቆጠራል፤ በዚያ ያተረፈውንም ይመልሳል። ዙር የተደረበበት ተወዳዳሪ ሰማያዊ ባንዲራ ሲያይ መንገድ ይለቃል። በየክለቡ ለፍቅሩ ብቻ የሚነዳው አማተርማ ከዚህም ይጠነቀቃል፤ በልምምድ ቀን ፊተኛው እጁን በመስኮት አውጥቶ «በዚህ እለፍ» ካላለው አይቀድምም። የእኛም የጭነት ሾፌር ዳገት ላይ ፍሬቻ አሳይቶ ሲያሳልፈን ይህንኑ ጨዋነት ማድረጉ ነው።

«ሐበሻና ሕግ!» የሚል አይጠፋም። ግን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር፣ መቅደሚያውም ጎን አብሮ ዞረ። ትናንት በቀኝ ይቀድም የነበረ ሾፌር ዛሬ በግራ ቀደመ። አገር በአንድ ቀን የተስማማበትን እኛ በአንድ ሌሊት ማፍረስ የለብንም።

ወጣቱ ፍጥነት አይውደድ አንልም፤ እኛም እንወዳለን። ሜዳ ይሠራለት፣ ዳኛ ይቁምለት እንላለን። ኡራኤል መንገድ ላይ ግን ባንዲራ የሚያውለበልብ የለም። በወር በ22 ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን የሚሻገሩ እናቶቻችን ናቸው ያሉት።