ጓደኛን እየደበደቡ መጠንከር

«ቁጥር ሁለት» መሆን ከባድ ነው። ፊልምም ይሁን ጌም፣ የመጀመሪያው ከተወደደ በኋላ የሚመጣው ያንኑ ቢደግም «ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ይባላል፤ ቢለውጥ ደግሞ «የምንወደውን አበላሹብን!» ይባላል። ዛሬ የምናወጋችሁ ሁለተኛውን መንገድ መርጦ ለዓመታት ሲወቀስ ስለኖረ አንድ የጃፓን ጌም ነው፤ ስለ ፋይናል ፋንታሲ ሁለት። (አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ስም የተሸጠው በጃፓን አራተኛው ክፍል ነውና እንዳትምታቱ። እኛ የምናወራው ስለ እውነተኛው ሁለተኛ ነው።)

ስኩዌር የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ፋይናል ፋንታሲ ለኒንቴንዶ ፋሚኮም ያወጣው በዲሴምበር 1987 ነበር። ውጊያው ተራ በተራ ነው። ጠላት ስትገድሉ የልምድ ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ሌቭላችሁ ከፍ ይላል፤ ጉልበትም ጤናም አብሮ ያድጋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የተወረሰ ነው።

ልክ በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1988፣ ቁጥር ሁለት መጣ። በመጀመሪያውም ክፍል የሠራው አኪቶሺ ካዋዙ የልምድ ነጥብንና ሌቭልን ከነጭራሹ አወጣቸው። በምትኩ ያስቀመጠው ሕግ አንድ ነው፤ ያዘወተርከው ያድጋል። ሰይፍ የሚያዘወትር በሰይፍ ይካናል። ድግምት ደጋግሞ የሚጠቀም ድግምቱ እስከ 16ኛ ደረጃ ይበረታል። በአንድ ውጊያ ብዙ የተጎዳ የሕይወት ነጥቡ ጣሪያ ከፍ ይልለታል።

ሕጉ ከታሪኩ ጋርም ይሄዳል። ጌሙ የሚከፈተው የፓላሜሲያ ንጉሠ ነገሥት ጦር አገራቸውን ያጠፋባቸው አራት ወጣቶች ሊያሸንፉት በማይችሉት ውጊያ ሲወድቁ ነው። ተዋጊ ሆኖ የተወለደ የለም፤ ሁሉም የሚሆነው የሠራውን ነው። በወረቀት ላይ እንዴት ያምራል!

ተጫዋቹ ግን ሒሳብ ያውቃል። ደካማ ጠላት ብዙ አይጎዳም፤ ካልተጎዱ ደግሞ የሕይወት ነጥብ አያድግም። ታዲያ ከጠላት ይልቅ ጓደኛን መምታት አይሻልም? ሆነም። አንድ ምስኪን ጭራቅ ፊት ቆመው የገዛ ጓዶቻቸውን በሰይፍ ይደበድባሉ። መቺው በሰይፍ ይካናል፣ ተመቺው ጤናው ይጨምራል፣ አካሚው ፈውሱ ይበረታል። ሦስቱም አተረፉ፤ ጭራቁ ግራ ገባው። በፋሚኮሙ እትም ላይ ደግሞ ትእዛዝ መርጦ መሰረዝ ብቻ እንደ ልምምድ የሚቆጠርበት ስህተት ነበረ። ሳይመቱ መካን ማለት ነው!

ስኩዌርም ብዙ አልቆየም። በኤፕሪል 1990 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ወደ ልምድ ነጥብና ወደ ሌቭል ተመለሰ። ካዋዙ ግን መንገዱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1989 በጌም ቦይ ላይ ሳጋ የተባለውን የራሱን ተከታታይ ጀመረ፤ ያ ጌም የስኩዌር የመጀመሪያው ሚሊዮን የተሸጠ ጌም ሆነ።

ሐሳቡ በሌላ አገርም ይታያል። ከካዋዙ ወሰዱት ማለታችን አይደለም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሞሮዊንድ በተባለው የአሜሪካ ጌምም ችሎታ የሚያድገው በመጠቀም ነው። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ፤ የዝላይ ችሎታቸውን ለማሳደግ ከተማውን ሁሉ እንደ ጥንቸል እየዘለሉ የሚያቋርጡ ጀግኖች።

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው «ቁጥር ሁለት ከሸፈ» ይላሉ። እኛ እንደዚያ አናይም። የካዋዙ ሕግ ያሳየን ትልቅ ነገር አለ፤ ሰው የሚሠራው የሚቆጠርለትን እንጂ የታሰበለትን አይደለም። ጉዳት ከተቆጠረ ጉዳት ይፈልጋል፤ ዝላይ ከተቆጠረ ይዘላል፤ የፈተና ውጤት ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ... እሱን እኛና እናንተ እናውቀዋለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጓዱን የሚደበድብ ሰው ስታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ነጥብ የሚሰጠው ማነው? ለምኑስ ነው የሚሰጠው?