ጉዛራና ዳቫንዛቲ፦ መኖሪያ ቤት መቼ ሙዚየም ይሆናል?



ከወረታ ተነሥተን በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ስንጓዝ፣ እንፍራዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። በድንጋይና በኖራ የተገነባውን ይህን ባለ ፎቅ መኖሪያ ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማዕዘን የቆሙ ክብ ማማዎቹ በኋላ በጎንደር አብያተ መንግሥት ተደግመዋል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ነዋሪው የለቀቀው እንዲህ ያለ ቤት ሙዚየም የሚሆነው ምን ሲሟላ ነው የሚል ነው።

ለንጽጽር ፍሎረንስን እንመልከት። በ1578፣ ማለትም በሠርፀ ድንግል ዘመን፣ የዳቫንዛቲ ቤተሰብ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ አንድ ረጅም ቤት ገዛ። ከዘመናት በኋላ ኤልያ ቮልፒ የተባለ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ቤቱን አድሶ፣ ክፍሎቹን በአሮጌ ዕቃ ሞልቶ፣ በ1910 ለሕዝብ ከፈተው። በ1916 ግን ዕቃውን ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ሸጠው። መንግሥት ቤቱን በ1951 ገዝቶ በ1956 እንደገና ሲከፍት፣ ክፍሎቹ የተሞሉት ከሌላ በመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ስለ ቀድሞው ኑሮ አስተማማኝ ምስክር የሚሆኑት አልጋና ወንበሩ ሳይሆኑ፣ ሥዕል ያለባቸው ግድግዳዎችና ለየፎቁ ውኃ ይቀዳበት የነበረው ጉድጓድ ናቸው።

ይህ ለጉዛራ ትልቅ ትምህርት ነው። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ፣ ቤተሰቡና ሠራዊቱ በበጋ ይዘምታሉ፣ ክረምት ሲገባ ይሰፍራሉ። ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ በሚያጥለቀልቁበት ወራት፣ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ፣ ሜዳውንና ጣናን አሻግሮ የሚያሳይ ኮረብታ ትርጉሙ ግልጽ ነው። እንግዲህ የጉዛራ ባዶ ክፍል ጉድለት አይደለም፤ ዕቃው በበቅሎ ተጭኖ ከጌታው ጋር ይሄድ ነበርና።

ጉዛራ ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሆኖም መዝገብ ጣሪያ አይጠግንም፤ ታሪክም አይተርክም። ወደፊት ሙዚየም ሲሆን፣ ገበያ ላይ የተገዛ ዙፋን አናስገባበት። ይልቁንም ግንቡን እንጠግን፤ ጎብኚው በመስኮቱ ቆሞ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ሜዳውና ስለ ተዘዋዋሪው ቤተ መንግሥት የሚነግረው የሠለጠነ አስጎብኚ ከአካባቢው ልጆች መካከል እናዘጋጅ። ያልነበረውን ጨምረን ከምናሳምረው፣ የነበረውን ጠብቀን ብናስረዳው ለልጆቻችን የሚበጅ ይመስለኛል።