ከብራና እስከ ቪዲዮ ገመድ፦ የማይነበብ ማኅደር እንዳይኖረን



የዛሬው ንግግሬ የታሪክ ተመራማሪ እምብዛም ስለማያነሣው ዕቃ ነው፤ ማጫወቻን ከቴሌቪዥን ጋር ስለሚያገናኘው ገመድ። የቅርብ ዘመን ታሪካችን ከፊሉ በካሴት ክር ላይ ተቀርጾ በየቤቱ ተቀምጧል። ክሩ ሳይበላሽ ቢቆይ እንኳ ማጫወቻውና ገመዱ ከጠፉ የሚያነበው አይኖርም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አምበር በመምህርነት ሳገለግል፣ በገበያ ቀን ከሚሞሉት ቤቶች አንዱ ቪዲዮ ቤቱ ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ ከጓሮ የሚጮኽ ጄኔሬተር፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነበረው። ከዴኩ ጀርባ ሦስት ገመዶች ይወጣሉ፤ ቢጫው ምስሉን፣ ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ያደርሳሉ። ቢጫው ሲላላ ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ይቀራል፤ ተመልካቹም በአንድነት ይጮኻል። ባለቤቱ ገመዱን ነቅሎ፣ እፍ ብሎ መልሶ ይሰካው ነበር። ያ መሰኪያ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሬዲዮና ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራው ዓይነት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ተመልካቹ ጣቢያው የመረጠለትን ያያል። በ1976 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የቀረበው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ወደ እኛ ሲዘልቅ ግን ቤተሰብ የራሱን ሕይወት መቅረጽና ማየት ቻለ። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው፣ የንግሥ በዓሉ በካሜራ ተያዘ። የዘመኑ አለባበስ፣ የአካባቢው ዘፈን፣ የሽማግሌዎች ምርቃት በጽሑፍ ሰነድ ባልገቡበት መልክ የሚገኙት በእነዚህ ካሴቶች ነው።

የመሣሪያ አለመግባባት የጀመረውም ያኔ ነው። ኢትዮጵያ ትከተለው የነበረው ፓል የተባለውን የቀለም ሥርዓት ነው፤ 625 መሥመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ግን 525 መሥመርና ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ነበረው። ከዋሽንግተን የተላከ የልጅ ሠርግ ለማየት የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ ሙሽራዋን ቀለም በሌለውና በሚንቀጠቀጥ ምስል ሊያያት ይችል ነበር። መፍትሔው ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ መፈለግ ወይም ካሴቱን ማስገልበጥ ነበር።

ቪሲዲና ዲቪዲ ሲመጡም ሦስቱ ገመዶች አገልግሎታቸውን አላቋረጡም። ለውጡን ያመጣው በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. ሰባት ኩባንያዎች ይፋ ያደረጉት ኤችዲኤምአይ ነው። ቢጫው ገመድ ምስሉን ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲወስድ፣ አዲሱ ምስልንም ድምፅንም በቁጥር ለውጦ በአንድ ገመድ ያደርሳል። ጥራቱ አያጠያይቅም። ሆኖም በርካታ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ቢጫ መሰኪያ የላቸውም፤ አሮጌውን ዴክ ለማገናኘት መቀየሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዴኩ ራሱም እየጠፋ ነው፤ የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ማኅደራት ማኅበርም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በማግኔት ክር ላይ ያለውን ቅርስ ለመገልበጥ የቀረው ጊዜ እስከ 2025 ገደማ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ቀጠሮው ደርሷል።

በቢቸና አቅራቢያ ያለውን የዲማ ጊዮርጊስን ገዳም አስቡ። እንዲህ ባሉ ገዳማት የሚገኝ ብራና ብርሃን፣ ዓይንና የግእዝ ዕውቀት ካሉ ይነበባል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡም ፊልሙ በብርሃንና በማጉያ መነጽር የሚነበብ ነበር። ካሴት ግን ዴክ፣ ገመድ፣ ተስማሚ የቀለም ሥርዓትና ስክሪን በአንድነት ይሻል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል።

የወደፊቱ መሣሪያ ገመድን ጭምር እያስቀረ ነው፤ ምስሉ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጎተራ ይመጣል። ጎተራው ሲዘጋ በእጃችን የሚቀር ነገር ስለሌለ፣ የራሳችንን ቅጂ በራሳችን እጅ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሣጥኑን ክፈቱ። ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ አታጫውቱ፤ የሚሠራ ዴክና ገመድ ካለ አትጣሉ። ከሁሉ በፊት ግን ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ማን፣ የት፣ መቼ እንደተቀረጸ ጻፉ፤ ፊቶቹን የሚለዩ አረጋውያን እንደ ዴኩ ተተኪ አይገኝላቸውም። የትምህርት ክፍላችንም ሁለቱንም ሥርዓቶች የሚያነብ አንድ ዴክ ቢኖረው፣ የሚገለበጠውንም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቢያስቀምጥ፣ ነገ ይህን ዘመን የሚያጠና ተማሪ ምንጭ ያገኛል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።