ክፍያው ምን ይገዛል? የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያዎች ከቆሰበር ሲመዘኑ

የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የተለመደው ኢንተርኔት በማይቋረጥበት፣ የባንክ ካርድ ያለ ችግር በዶላር በሚከፍልበትና የተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ በመተግበሪያው ዝርዝር ውስጥ በሚገኝበት አገር ነው። ጥያቄው ቆሰበር ላይ ሲነሣ ሦስቱም ታሳቢዎች አይሠሩም፤ መልሱም የግድ ሌላ ይሆናል።

በይፋዊ ስሟ እንጅባራ የምትባለው ቆሰበር የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ አገውኛን፣ ተናጋሪዎቹ አውጚ የሚሉትን ቋንቋ፣ አፍ መፍቻው ያደረገው ሕዝብ ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይደርስ ነበር። በዞኑ ብዙ ልጆች አገውኛ እየሰሙ ያድጋሉ፤ አንደኛ ደረጃን በአገውኛ ይጀምራሉ፤ ገበያና ቢሮ ሲሄዱ አማርኛ ይናገራሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይቀርብላቸዋል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አሠራር ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሰዋል። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ አለመረዳት ግን አንዱ መሆኑን ክፍል ገብቶ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በእጁ ባለው ስልክ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል የሚጥር ወጣት የሚያነሣው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም፤ የቤተሰቡን ገንዘብ የት ላይ እንደሚያውል ነው የሚጠይቀው።

መተግበሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ አይሸጡም። እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ላይ የተመሠረተው ባቤል የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች አስቀምሶ ቀሪውን ለከፋይ ብቻ ይከፍታል። ሉዊስ ቮን አን እና ሴቨሪን ሃከር እ.ኤ.አ. በ2011 መሥርተው በ2012 ለሕዝብ ያቀረቡት ዱዎሊንጎ ግን ትምህርቱን በነጻ ሰጥቶ ምቾቱን ይሸጣል። ከፋዩ ማስታወቂያ አያይም፤ ደጋግሞ ቢሳሳትም ትምህርቱ አይቆምበትም። ያልከፈለው ይጠብቃል፣ ወይም ማስታወቂያ አይቶ ይቀጥላል። ይህ ልዩነት ለገዢው ትልቅ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ዓይነት ትምህርት ይገዛል፣ በሁለተኛው ዓይነት ግን በአብዛኛው የሚገዛው ጊዜና ዕረፍት ነው። ጊዜ ለተጣበበት ሰው ዋጋ አለው። ለቆሰበር ተማሪ ግን መተግበሪያው ገና በሩ ላይ የሚያቀርበው ሌላ መሰናክል አለ።

ዱዎሊንጎ ሲከፈት ተጠቃሚው በየትኛው ቋንቋ መማር እንደሚፈልግ ይጠየቃል። አረብኛ፣ ሂንዲ፣ ቱርክኛ፣ ቬትናምኛ አሉ፤ አማርኛ የለም። ስለዚህ ተማሪው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነኝ ብሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ፊት ለፊቱ የሚደረደሩለት ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው፤ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ክፍል ደግሞ መሠረቱን ለጨረሰ ሰው የተዘጋጀ ነው። መሠረቱን የሚፈልገው ልጅ ውጭ ይቀራል። (ከዐረብ አገር ሥራ የተመለሱ እኅቶቻችን አረብኛ ማንበብ ከቻሉ በዚያ በር መግባት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ችሎታ በከንቱ መቅረት የለበትም።) በሩን አልፎ የገባም ቢሆን ማብራሪያ አያገኝም። አማርኛ የታወቀውን ነገር በስሙ መጨረሻ ላይ በሚቀጠል ምልክት ይለያል፤ እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት «ኤ» ወይም «ዘ» ያስገባል። የትኛው የት እንደሚገባ አማርኛ የሚያውቅ መምህር «ቤት» እና «ቤቱ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በጥቂት ደቂቃ ያስረዳል። ለሌላ ሕዝብ የተዘጋጀ መልመጃ ግን ስሕተቱን አቅልቶ አሳይቶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ማንም ቢከፍል ይህን ጉድለት በገንዘቡ አያስተካክለውም፤ የአማርኛው ማብራሪያ በነጻውም በክፍያውም አልተጻፈም።

ስለ ውጤታማነታቸው የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ በጥንቃቄ መነበብ ይገባቸዋል። ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ሩመን ቬሴሊኖቭና ጆን ግሬጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ነው። 34 ሰዓት በዱዎሊንጎ ስፓኒሽ የተማረ ሰው የአንድ የዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር ያህል ያገኛል የሚለው አባባል ከዚያ የመጣ ነው። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ራሱ ዱዎሊንጎ ነበር፤ መለኪያው ፈተናም ንግግርን አልመዘነም። ሾን ሎዌንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት በእኔ እይታ የበለጠ ያስተምራል። 9 ሰዎች ለ12 ሳምንት ቱርክኛ በዱዎሊንጎ ተማሩ። በቡድን ሲታዩ ተሻሽለዋል፤ ብዙ ሰዓት ያዋለውም የበለጠ አግኝቷል። የመጀመሪያ ሴሚስተር ተማሪዎች የሚፈተኑትን ፈተና ያለፈው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሎዌን ከሌሎች ጋር በባቤል ላይ ባደረገው ጥናት 85 ጀማሪዎች ስፓኒሽ እንዲማሩ ተደረገ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 54 ናቸው፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በንግግር ፈተና ደረጃቸውን ከፍ አደረጉ። ይህ ለክፍያ መተግበሪያ ጥሩ ምስክር ነው።

ካታሪን ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበችው ጥናት ደግሞ ሌላኛውን ገጽ ያሳያል። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች እንደ ሮዜታ ስቶን ያሉ ውድ ሶፍትዌሮች ተገዝተውላቸው ብቻቸውን እንዲማሩ ተደረገ፤ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ውጤት ትምህርቱን ያቋረጡት ሰዎች ብዛት ነበር። ገንዘቡ ተከፍሎ ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልተከፈለም። እኔ ከእነዚህ ሁሉ የምደርስበት ድምዳሜ፣ የሚለየው ተማሪው በየዕለቱ የሚያውለው ሰዓት መሆኑን ነው፤ ክፍያው ያንን ሰዓት የሚያስገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 140 ብር ደርሷል። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል መተግበሪያ በዚህ ስሌት 1,400 ብር ይሆናል። ከ2018 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ 12 ከመቶው ለአንድ መተግበሪያ ሄደ ማለት ነው፤ በዓመት 16,800 ብር። ደመወዝ ለሌለው ተማሪማ አይነሣም። የአከፋፈሉ መንገድም አስቸጋሪ ነው። የውጭ የመተግበሪያ መደብሮች በብር ሒሳብ የሚሠራ ካርድ በቀላሉ ስለማይቀበሉ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል፤ ዘመድ የሌለው በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የተጠለፈ ቅጂ ይጭናል። በዚህ ቅጂ ውስጥ ምን እንደተጨመረበት ማንም አያውቅም፤ በዚያው ስልክ ላይ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ላለው ሰው አደጋው ቀላል አይደለም። አልመክረውም።

በዚህ ላይ የመስመሩ ጉዳይ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። የዓመት ክፍያ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ዳታ ሳይኖር ቀኑ ይቆጠርበታል። ለእኛ አካባቢ ተማሪ የሚሆን መሣሪያ ያለ መስመር የሚሠራ መሆን አለበት፤ ይህ ከዋጋው እኩል ሊታይ የሚገባው መመዘኛ ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ አለ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይም ክፍያ የለውም። አንኪ ይባላል። የሚሠራበት መርሕ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው የተማርነው ነገር መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ እንደሚረሳ አሳይቷል፤ ከመረሳቱ በፊት በየጊዜው እያራራቁ ቢከልሱት ይጸናል። አንኪ የክለሳውን ቀን ይቆጥራል፤ ካርዱን የሚጽፈው ግን ተማሪው ራሱ ነው። ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከፊዚክስ መጽሐፉ «ፍሪክሽን» የሚል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በካርዱ ፊት ይጽፋል፤ በጀርባው «ሰበቃ» ይላል፤ ከሥሩ የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም በአገውኛ ወይም በአማርኛ ያስቀምጣል። «ዴንሲቲ» ሲመጣ ደግሞ «እፍግታ»። ታች ክፍል በራሱ ቋንቋ የተማረው ሐሳብ ላይ ላይኛው ክፍል በእንግሊዝኛ የሚጠየቀውን ያገናኛል። ዱዎሊንጎ ላይ ያጣው የአፍ መፍቻ ቋንቋው እዚህ አለለት። አምስት ጓደኛሞች የጥናት ምዕራፎችን ተከፋፍለው ካርዱን ቢጽፉና ፋይሉን በብሉቱዝ ቢለዋወጡ፣ ምንም ሳይከፍሉ ለፈተናቸው ከማንኛውም የውጭ መተግበሪያ የቀረበ ትምህርት ይኖራቸዋል።

መክፈል የሚያዋጣበት ጊዜ የለም አልልም። ነጻውን ክፍል ለወራት ሳያቋርጥ የተጠቀመና ማስታወቂያው ብቻ ያሰለቸው ሰው፣ ገቢው ከፈቀደ ይክፈል። ለሥራ ጀርመንኛ የሚማርና እንግሊዝኛው ደህና የሆነ ሰው ከባቤል ተጠቃሚ ይሆናል። ንግግር የሚፈልግ ሁሉ ግን ገንዘቡን ለሰው ቢያውል ይሻለዋል፤ አንድ ጥሩ አስጠኚ በሳምንት አንድ ቀን ስሕተቱን እየሰማ ቢያርመው መተግበሪያው የማይሰጠውን ያገኛል። ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር መተግበሪያ የሚያፈላልጉ በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆችም ዩቶክን የመሰሉ የሐረግ መለማመጃዎች ከመግዛታቸው በፊት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዘጋጀው የአማርኛ ኮርስ ከነድምፁ በነጻ እንደሚገኝ ይወቁ። አነጋገሩ ያረጀ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ዛሬም ጠንካራ ነው።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ቆሰበር ላይ መማር ያለበት ሌላም ቋንቋ አለ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ሐኪምና ዳኛ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የገባ የሌላ ክልል ተማሪ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የተወለደ የአዊ ልጅ አገውኛ ቢማር ይጠቅመዋል። ለእነዚህ ሰዎች ከትልልቆቹ መተግበሪያዎች አንዱም የሚሸጠው የለም፤ የቱንም ያህል ቢከፍሉ። ዱዎሊንጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ስዋሒሊን፣ በ2022 ዙሉን አስገብቷል፤ ነገር ግን ተናጋሪዎች በፈቃደኝነት ኮርስ ያዘጋጁበት የነበረውን መድረክ በ2021 ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ የሚወስነው ኩባንያው ነው። የግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ቋንቋ በዚያ ሚዛን ላይ አይነሣም።

ዕውቀቱ ግን አለ። ሮበርት ሄትስሮን የአገውኛን የግሥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በመጽሐፍ አሳትሟል። «አውጚ» በሚለው ስም ውስጥ ያለው፣ በላንቃ ጀርባ ተነሥቶ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ የራሱ የጘ ረድፍ ፊደል አለው፤ ፊደሉም እ.ኤ.አ. በ1999 ከግዕዝ ፊደላት ጋር በዩኒኮድ ተመዝግቧል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በቋንቋው ያሰራጫል። የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህራን ያሠለጥናል። የጎደለው ለመማሪያ የተዘጋጀ ድምፅ ነው። አገውኛ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ይለያል፤ ጽሑፉ ግን ይህን አያሳይም፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚማር ሰው ቃሉን አውቆ አጠራሩን ይስታል። ድምፅን ከጽሑፍ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ደግሞ መተግበሪያ ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለኮሌጁ፣ ለዞኑ የትምህርትና የባህል መምሪያዎች ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ከየወረዳው የመጡ አንደበተ ርቱዕ አዛውንት አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ፈቃዳቸው ተጠይቆ ሰላምታውን፣ የገበያውን፣ የሐኪም ቤቱንና የእርሻውን ንግግር ተቋማቱ ይቅረጹ፤ መምህራኑ በፊደል ይጻፉት፣ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ ማንም አውርዶ ያለ መስመር እንዲማርበት በነጻ ይለቀቅ። ቆሰበርና ዳንግላ ያላችሁ የቋንቋ መምህራን፣ በጀት እስኪመደብ ሳትጠብቁ በስልካችሁ ጀምሩ።