አክተር አይሞትም

አቃቂ ላደግን ልጆች የፊልም ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ከገደል ቢወረወር፣ መኪናው ቢገለበጥ፣ መቶ ሰው ቢተኩስበት አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። የሚሞተው ሌላው ነው። በ1980ዎቹ በሠፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ መስኮቱ በጆንያ በተጋረደ ጨለማ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ይህን ሕግ የማያውቅ አልነበረም። ሃምሳ ሳንቲም ያላገኘ ደግሞ በማግሥቱ ፊልሙን ካየው ልጅ አፍ ይሰማል። ተራኪው መኪናውን በአፉ ያስነሣል፤ ማርሽ ይቀይራል፤ ፍሬን ይይዛል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ልጅ የሚተርከው ፊልም ከእውነተኛው ይበልጥ ነበር።

ይህ ሕግ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ተሻረ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘገይ ቆይቶ ለንደን ላይ የተመረቀው ሃያ አምስተኛው የጄምስ ቦንድ ፊልም አክተሩን ገደለው። ዳንኤል ክሬግ በአንዲት ደሴት ላይ ቆሞ ሚሳይል ሲወርድበት ታየ፤ አልተነሣም። ፊልሙ በፍላሽ ሠፈራችን ሲደርስ አብሮን የተመለከተ አንድ የልጅነት ጓደኛችን፣ ዛሬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ዝም ብሎ ቆየና «መኪናዋስ?» ብሎ ጠየቀ። ሣቅንበት። ነገር ግን ጥያቄው ከሣቃችን የጠለቀ ሆኖ አገኘሁት። በፊልሙ መጨረሻ የሟቹ ወዳጅ ትንሿን ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ አሮጌውን የቦንድ አስቶን ማርቲን ስትነዳ ይታያል። ሰውየው ሞተ፤ መኪናዋ ተረፈች።

የሰላይ ፊልምና የመኪናው ፍቅር በከተማችን ምን ታሪክ አለው? ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

መኪናና ፊልም አገራችን የገቡት በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ለዳግማዊ ምኒልክ ታየ። መኪናም በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ወደብ በበረሓው አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰ። ሁለቱን እንግዶች ሕዝቡ የተቀበለበት መንገድ ግን ይለያያል። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን ራሳቸው ተሳፍረው አዩት፤ ንጉሥ የወጣበትን ማን ይንቃል? ሲኒማ ግን በጨለማ ክፍል ሙታንን የሚያራምድ ጥበብ ነውና ተፈራ። ለሕዝብ ፊልም ማሳየት የጀመረው ቤት «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከአንደበት አልጠፋም። መኪናው የክብር፣ ፊልሙ የሰይጣን ሆኖ ጀመረ ማለት ነው። ሁለቱ የታረቁት ዘግይተው ነው፤ ካስታረቋቸውም አንዱ ያ እንግሊዛዊ ሰላይ ነው።

የጄምስ ቦንድ ፈጣሪ ኢያን ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ያገለገለ ሰው ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ፤ የመጀመሪያው ፊልም በ1962 ወጣ። መኪናዋ ግን ከሰውየው እኩል ስም ያገኘችው በሦስተኛው ፊልም በ«ጎልድፊንገር» ነው። ፊልሙ ለንደን ላይ የተመረቀው መስከረም 7 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። በብርማ ቀለም ያጌጠችው አስቶን ማርቲን ዲቢ5 ከፊት መብራቷ ሥር መትረየስ ታወጣለች፤ ከኋላዋ ጭስና ዘይት ትለቅቃለች፤ ታርጋዋን ትቀያይራለች፤ ያልተፈለገ ተሳፋሪም ከነወንበሩ በጣሪያ ትወረውራለች። በአውሮፓ የመጫወቻ አምሳያዋ ወጥቶ በሚሊዮን ተቸበቸበ። የአቃቂ ልጅ ደግሞ ሽቦ አጥፎ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ የራሱን መኪና ይሠራል። ጣሪያው የሚከፈተው ግን ጣሪያ ስለሌለው ነው።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. አገራችን የራሷን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም አየች፤ የኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»። በርእሱ ብቻ እንኳ ልዩነቱን ልብ በሉ። እነርሱ ወርቅ የሚዘርፈውን ባለጸጋ ሲያሳድዱ እኛ የአንዲት ልጅ አባት ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ ነበር። በፒያሳ የሲኒማ ኢትዮጵያና የሲኒማ አምፒር ተመልካች ከፊልም ሲወጣ የሚጠብቀው አስቶን ማርቲን ሳይሆን ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ ነው። የአቃቂ ሰው ደግሞ ከከተማው እምብርት ሃያ ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፊሽካና በምድር ባቡሩ ጩኸት መካከል የሚኖር ነው። የእርሱ መኪና የጭነት መኪና ነበር፤ ከጣልያን ዘመን የተረፈው ትሬንታ ኳትሮ፣ ኋላም ኤንትሬ። ከጅቡቲና ከአሰብ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በአቃቂ በኩል ወደ ከተማው ይገባልና የአቃቂ ልጅ መኪናን በድምፁ ይለያል። ዛሬም ድረስ የሠፈራችን ሰው የፊልም መኪና ሲገለበጥ ከመጮኹ በፊት «ፍሬኑን እኮ ቀድሞ መያዝ ነበረበት» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የቦንድ ፊልም አስቶን ማርቲኑ ሰባት ጊዜ ተንከባልሎ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሲሰፍር ነጂው በሰላም ወጥቷል። በደብረ ዘይት መንገድ ለተገለበጠ ሾፌር እንዲህ ያለ መዝገብ የለም፤ ያለው የለቅሶ ድንኳን ነው።

የሰላዩ ፊልም አንድ ጊዜ ራሱ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። «ሻፍት በአፍሪካ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ከፊሉ የተነሣው በኢትዮጵያ ነው፤ በሰኔ 1965 ዓ.ም. ለእይታ በቃ። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚጫወተው የሀርለም መርማሪ ባሪያ ነጋዴዎችን ለማደን ሲላክ እንደ ሰላይ ይታጠቃል። የእኛው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ታዲያ ለዚህ ጥቁር ሰላይ የተሰጠው ትጥቅ ምን ይመስላችኋል? ባለ መትረየስ መኪና አይደለም። የስለላ መሣሪያ የተደበቀበት ዱላ ነው! ለእንግሊዙ አስቶን ማርቲን፣ አፍሪካ ለሚላከው ዱላ። በእግሩ ይጓዛል፤ ፀሐይ ይመታዋል። ፊልም ሠሪዎቹ ስለ እኛ መንገድና ስለ እኛ ሰው የነበራቸው ግምት ከዚህች ዱላ ይነበባል።

ያ ዓመት የወሎ ሕዝብ በረሃብ የሚያልቅበት ዓመት ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ለዓለም ታየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ጧት ደርግ ጃንሆይን ከዙፋን አወረደ። ሮልስ ሮይስና የመሳሰሉት ውድ መኪኖች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሿ ቮልስዋገን ነው። በታሪካችን ከዚያች ቮልስ የሚልቅ የመኪና ትዕይንት አላውቅም። መትረየስ አላወጣችም፤ ጣሪያዋ አልተከፈተም። የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ይዣለሁ የሚለውን ዙፋን ግን ጭና ሄደች። የጃንሆይ መኪኖችም ባለቤታቸው ሄደው እነርሱ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ «ሰላይ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙን ለወጠ። ሰኔ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ለንደን ላይ የቦንድ ሎተስ መኪና ባሕር ውስጥ ጠልቃ ስትዋኝ ተመልካች አጨበጨበ። በዚያው ዓመት በመጋቢት አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታስሳለች፤ ወጣቱም ያልቅ ነበር። የእኛ ሰላይ ጥቁር ኮትና ክራባት አላደረገም። ስሙም ጆሮ ጠቢ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ የቡና ተጣጪ ነው። ሌሊት በር ላይ የመኪና ሞተር ቆሞ ሲጠፋ የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ እናት ትንፋሿን ትይዛለች። የሚያስገርመው ግን በእነዚያ ዘመናት የስለላ መጽሐፍ እንደ ትኩስ ዳቦ መፈለጉ ነው። ማሞ ውድነህ ደማስቆ ላይ ስለ ተሰቀለው እስራኤላዊ ሰላይ ስለ ኤሊ ኮኸን የሚያወሳውን «የኛ ሰው በደማስቆ»ን ወደ አማርኛ መልሰው ብዙ አንባቢ አገኙ። ሰላይ የሚፈራ ሕዝብ የሰላይ ታሪክ ለምን ይወዳል? እኔ እንደሚመስለኝ የሌላ አገር ሰላይ በመጽሐፍ ሲነበብ መጨረሻው ስለሚታወቅ ነው። የራስህ አገር ሰላይ መጨረሻው አይታወቅም።

ዘመኑ ተለወጠና ቪዲዮ ቤቱ ደረሰ። ከኛ ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ «ዛሬ ጄምስ ቦንድ» ተብሎ በኖራ ሲጻፍ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ሳይቀር ይሰለፋል። ውስጥ ሁሉም ለአክተሩ ይሰልላል፤ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያለ ይጮኻል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ራሷ የስለላ ፊልም መሰለች። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የመጡት የግብፅ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ በቦሌ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ሕይወታቸው የተረፈው ጥይት በማይበሳው መርሴዲስ ውስጥ ስለ ነበሩና መኪናው አዙሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ መለሳቸው ነው። ያ መኪና ከካይሮ እንዲመጣ አጥብቀው የጠየቁት የስለላ ሹማቸው ዖማር ሱሌይማን እንደ ነበሩ ኋላ ተነግሯል። በተኩሱ ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ተገደሉ። በኅዳር 1988 ዓ.ም. ደግሞ «ጎልደን አይ» የተባለው አዲስ የቦንድ ፊልም ወጣ፤ ቦንድ በቢኤምደብሊው ብቅ አለ፤ ለመኪናዋም የቅድሚያ ትእዛዝ ጎረፈላት። በእውነተኛው ትዕይንት መኪናው መሪን አዳነ፤ የወደቁትን ፖሊሶች ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አክተር አይሞትም፤ የሚሞተው ሌላው ነው ያልነው ይህንን ነበር እንዴ?

ሌላም አለ። ከሻፍት ጋር የተጫወተው ደበበ እሸቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት አመራሮች ጋር ታስሮ ወደ እኛ ክፍለ ከተማ መጣ፤ ወደ ቃሊቲ። በ1999 ዓ.ም. ተፈታ። «ቃሊቲ ወረደ» ማለት በአዲስ አበባ አማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ አይነገርም። በአንድ በኩል ጉምሩክ፣ አዲሱ መኪና ቀረጥ የሚከፍልበት፤ በሌላ በኩል ማሠልጠኛ፣ ወጣቱ መሪ የሚጨብጥበት፤ በሌላ በኩል ወኅኒ። የስለላ ፊልም የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ መኪናውም፣ ሾፌሩም፣ እስረኛውም።

ከ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እስከ አዳማ የሚዘልቅ የክፍያ ፈጣን መንገድ አለን። ጓደኛችን መጀመሪያ ሲያየው «ይኸ የጄምስ ቦንድ መንገድ ነው» ብሎ ነበር። እርሱ ግን ኮንቴይነሩን ጭኖ በቀኝ መሥመር ይሄዳል፤ በግራው ጥቁር መስታወት ያላቸው ቪ8 ላንድክሩዘሮች ያልፉታል። የሟቹ ቦንድ የተረፈች አስቶን ማርቲንም የሞዴል ስሟ ቪ8 መሆኑን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ሣቀ። «እንግዲያው ትተርፋለች» አለ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በመንገዳችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ድምፅ የለውም። ልጆች በአፋቸው ሊያስነሡት አይችሉም፤ እናቶችም ሌሊት በር ላይ ሲቆም አይሰሙትም። ይህ መልካም ይሁን ክፉ እኔ አልፈርድም። ባለፈው ሰሞን ግን በሠፈራችን አንድ ትንሽ ልጅ የሽቦ መኪናውን እየገፋ፣ በአፉ «ዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ እያሰማ ሲያልፍ አየሁት። ማን እንደሚነዳት ጠየቅሁት።

«እኔ ነኛ!» አለኝ፤ «አክተሩ እኮ እኔ ነኝ።»